ዘይቱ የት ሄደ? የጦስኝ ዘይት፣ ናኖ ቅንጣትና የትንኝ እጭ፦ የአንድ ሥራ የጉዳይ ጥናት

በዚህ ዘርፍ የሚወጡ ጽሑፎችን ደጋግሞ ላነበበ ሰው ታሪኩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። መዓዛማ ተክል ይመረጣል፣ ዘይቱ ይወጣል፣ በናኖ ቅንጣት (በዓይን በማይታይ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣት) ይታሸጋል፣ የትንኝ እጭ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ይጨመራል፣ እጩ ይሞታል፣ ጽሑፉም እዚያው ያልቃል። ከብርጭቆው ወጥቶ እውነተኛ ውሃ ውስጥ የገባው ግን ጥቂቱ ነው። ለምን? አንዱን ምክንያት በቅርብ ሆኜ ያየሁት ከዚህ በታች ባለው ሥራ ላይ ነው።

የሰዎቹንም የቤተ ሙከራውንም ስም አልጠቅስም። እነሱን የገጠማቸው ማንንም ሊገጥም የሚችል ነገር ስለሆነ ስሙ ለማንም አይጠቅምም። የእኔ ድርሻ የሙከራ መዝገባቸውን ማየትና ቁጥሮቹ ለምን እንደማይስማሙ አብሮ መፈለግ ነበር።

ዳራ

ቡድኑ ትንሽ ነው፦ አንድ ኬሚስት፣ አንዲት የነፍሳት ባለሙያ፣ ሁለት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች። ኬሚስቱ ቅንጣቱን ይሠራል። የነፍሳት ባለሙያዋ ትንኝ ታረባለች፣ ሙከራውንም የምታካሂደው እሷ ናት። ሁለቱ የሚሠሩት በተለያየ ሕንፃ ነው። ናሙናው በጠርሙስ ይሄዳል፣ ውጤቱ በኢሜይል ይመለሳል። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ።

የተነሡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለትንኝ ሲያገለግሉ የኖሩት ኬሚካሎች እየደከሙ ነው። በአጎበርና በቤት ውስጥ ርጭት የሚገቡትን ፓይረትሮይዶች የተላመዱ ትንኞች በብዙ አገር አሉ። እጭ ለመግደል ለአሥርተ ዓመታት ውሃ ውስጥ ሲጨመር የኖረውን ቴሜፎስንም ኤደስ ኢጅፕታይ፣ ማለትም ደንጌን፣ ቺኩንጉንያን፣ ዚካንና ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ፣ በብዙ ቦታ ተላምዳዋለች። ስለዚህ ሰው ፊቱን ወደ እፅዋት ቢያዞር አይገርምም።

የመረጡት የጦስኝ ዘይት ነው። በዘይቱ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። የነፍሳትን ነርቭ የሚያጠቁት በአንድ በር ብቻ አይደለም፤ ጋባ እና ኦክቶፓሚን የሚባሉት የነርቭ መልእክት አስተላላፊዎች የሚሠሩባቸውን ቦታዎች ሁለቱንም ይነካሉ። ብዙ ቦታ ላይ የሚመታ ነገር ቶሎ አይለመድም የሚለው ሐሳብ ነው ሰውን የሚስበው። እጭ ላይ ማተኮራቸውም ልክ ነው፤ ክንፍ ያወጣን ትንኝ በየጓዳው ከማሳደድ፣ መብረር ሳይጀምር ውሃው ውስጥ እንዳለ ማግኘቱ ይቀላል።

ዘይቱ ግን ጠባዩ ከባድ ነው። ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ይተናል። ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይበላሻል። እንዲያው ውሃ ላይ ቢያፈሱት ላዩ ላይ ተንሳፍፎ ትንሽ ይቆይና ይጠፋል። የመጀመሪያው መፍትሔ ጠብታውን ማሳነስ ነው። የዘይት ጠብታ ከ1 ማይክሮሜትር (1000 ናኖሜትር) ወደ 100 ናኖሜትር ሲወርድ፣ ያው መጠን ዘይት ከውሃው ጋር የሚነካካበት ገጽ 10 እጥፍ ይሆናል። ጥሩ ነው፣ እጩን ቶሎ ያገኘዋል። ችግሩ ያው ሰፊ ገጽ ዘይቱ ቶሎ እንዲያመልጥም ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለተኛ ነገር ያስፈልጋል፤ ሽፋን።

ሽፋኑ ቺቶዛን ነው፤ ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚሠራ ነገር። አሲድ ባለው ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ እዚያም ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ትራይፖሊፎስፌት የሚባል ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው ጨው ሲገባበት እርስ በርሱ ተያይዞ ጥቃቅን ቅንጣት ይሆናል። ዘይቱ ቀድሞ ትዊን 80 በሚባል ሰርፋክታንት (ዘይትና ውሃን የሚያስማማ ነገር) ተበትኖ ስለሚገኝ ቅንጣቱ ሲፈጠር ዘይቱን ይዞ ይፈጠራል። ቢያንስ ሐሳቡ እንደዚያ ነው።

ችግሩ

ሙከራው የሚሠራው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው የእጭ ገዳዮች መፈተሻ መመሪያ መሠረት ነበር። በአንድ ብርጭቆ 25 እጭ ይገባል፣ ሦስተኛ ወይም አራተኛ የእድገት ደረጃ ላይ የደረሰ። ለእያንዳንዱ የመድኃኒት መጠን ቢያንስ አራት ብርጭቆ ይዘጋጃል። ጎን ለጎን መድኃኒት ያልገባባቸው ማነጻጸሪያ ብርጭቆዎች ይቀመጣሉ። ከ24 ሰዓት በኋላ የሞተውም የሚያጣጥረውም ይቆጠራል። በማነጻጸሪያው ውስጥ ከ5 እስከ 20 በመቶ እጭ ከሞተ ውጤቱ ከ1925 ጀምሮ በሚሠራበት በአቦት ቀመር (ያለ መድኃኒትም ይሞት የነበረውን የሚቀንስ ስሌት) ይስተካከላል፤ ከ20 በመቶ ካለፈ ሙከራው ይጣላል።

ሦስት ነገር ተደራረበባቸው።

አንደኛ፣ በቅንጣት የታሸገው ዘይት ካልታሸገው ይልቅ ደካማ ሆነ። ያን ሁሉ ልፋት የወሰደው ነገር፣ በትዊን 80 ብቻ ተበጥብጦ ውሃ ውስጥ ከገባው ተራ ዘይት ያነሰ እጭ ይገድላል። ይሄ ራስ ያስይዛል።

ሁለተኛ፣ ማነጻጸሪያዎቹ ይሞታሉ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያሉ፣ ምንም ያልተጨመረባቸው እጮች። አንዳንዴ ከ20 በመቶ ያልፍና ሙሉ ሙከራው ይጣላል።

ሦስተኛ፣ ዛሬ የሠራው ነገ አይሠራም። ያው አሠራር፣ ያው መጠን፣ ሌላ ውጤት።

ኬሚስቱ እጮቹ ደካማ ናቸው፣ አመጋገባቸው ይታይ አለ። የነፍሳት ባለሙያዋ ደግሞ የምትልኩልኝ ጠርሙስ በየጊዜው ይለያያል አለች። ሁለቱም ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። እሷ ትንኞቿን ለዓመታት ስታረባ የኖረች ናት፤ ሌላ መድኃኒት ሲሞከርባቸው እጮቹ ምንም ችግር አላሳዩም። እሱ ደግሞ የሚያምር ቁጥር ይዟል፦ ወደ ሥራው ከገባው ዘይት አብዛኛው ቅንጣቱ ውስጥ ታሽጓል የሚል። የቅንጣቱም መጠን ሲለካ በሚፈለገው ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ነገሩ ወደ ክርክር ሄደ፣ ክርክሩም በኢሜይል ስለነበር እየመረረ ሄደ።

ፍለጋው

የጀመርነው ከዚያ ከሚያምረው ቁጥር ነው። ቁጥር ሲያምር እንዴት እንደተለካ መጠየቅ ጥሩ ልማድ ነው።

የተለካው እንዲህ ነው። ቅንጣቱ ያለበት ፈሳሽ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከራል፣ ቅንጣቱ ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ነጻ ዘይት ይለካል። ከዚያ ከመጀመሪያው የገባው ዘይት ላይ ይህ ይቀነሳል። የቀረው ሁሉ ታሽጓል ይባላል። ለምሳሌ 100 ገብቶ 10 ከላይ ከተገኘ 90 ታሽጓል ማለት ነው። ይህ አሠራር በብዙ ጽሑፍ ላይ ያለ ነው፣ እነሱ የፈጠሩት አይደለም። ግን ገንዘብ ከኪስ ጎደለ ማለት ባንክ ገባ ማለት አይደለም።

ነገሩን ያፈረጠው አንዱ ተማሪ ነው። ስሌቱን ሰሌዳ ላይ እየጻፍን ሳለ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ "ዶክተር፣ ኮሪደሩን ሁሉ የሚሸተን ዘይት ታዲያ በየትኛው ሂሳብ ውስጥ ነው የገባው?" አለ። እውነቱን ነው። ቅንጣቱ በሚሠራበት ቀን ያ ሕንፃ ከደረጃው ጀምሮ ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል። ዘይቱ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ለሰዓታት ይማሰላል፣ በድምፅ ሞገድ በሚበትን መሣሪያ ሲመታ ደግሞ ይሞቃል። የተነነው ዘይት ከላይ ባለው ፈሳሽ ውስጥ አይገኝም፤ ስለዚህ በስሌቱ መሠረት ታሽጓል። ብዙ በተነነ ቁጥር ውጤቱ እያማረ የሚሄድ መለኪያ ነው እንግዲህ ሲጠቀሙ የነበሩት።

ቀጥታ መለካት ይቻላል። የዘቀጠው ቅንጣት ተወስዶ በአሲድ ይፈርሳል፣ ዘይቱ በሌላ ፈሳሽ ተጠርጎ ይወጣል፣ ታይሞል 275 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን የአልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚውጥ መጠኑ ይታወቃል። አድካሚ ነው ግን አስቸጋሪ አይደለም። ሲለኩት ቅንጣቱ ውስጥ የተገኘው ዘይት ከተባለው በእጅጉ ያነሰ ሆነ። እጮቹ ደካማ ናቸው የሚለው ክርክር እዚያው ላይ ቆመ፣ ምክንያቱም አንድ ብርጭቆ ውስጥ ይህን ያህል ዘይት ገብቷል ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ራሱ ልክ አልነበረም። ተራው ዘይትና የታሸገው ዘይት በእኩል መጠን ተወዳድረው አያውቁም ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ በኋላ ጊዜ አልወሰደም። ዘይቱ የሚተን ከሆነ ከብርጭቆዎቹም ይተናል። ሙከራው የሚካሄደው ሙቀቱ በሚስተካከል ዝግ ካቢኔ ውስጥ ነው፤ መድኃኒት የገባባቸውም ማነጻጸሪያዎቹም አንድ መደርደሪያ ላይ፣ ክዳን ሳይኖራቸው። የነፍሳት ባለሙያዋ ንጹሕ ውሃና እጭ ብቻ ያለባቸውን ብርጭቆዎች ለሁለት ከፍላ ግማሹን እዚያው ካቢኔ ውስጥ፣ ግማሹን ሌላ ክፍል ውስጥ አስቀመጠች። ሌላ ክፍል ያሉት ደህና አደሩ። ካቢኔው ውስጥ ካሉት ሞቱ። አየሩ ውስጥ የነበረው ዘይት ተመልሶ ንጹሑ ውሃ ውስጥ እየገባ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። እነዚህ ሁለት ችግሮች ለየብቻ በሁለት ሕንፃ ውስጥ ሲታዩ ምንም አያገናኛቸውም። አንዱ የኬሚስትሪ ስሌት ነው፣ አንዱ የእጭ ሞት ነው። መነሻቸው ግን አንድ ነው፤ ዘይቱ አየር ላይ ነው ያለው። ኬሚስቱ ብርጭቆዎቹ የተደረደሩበትን ካቢኔ ከፍቶ አይቶ ቢሆን አፍንጫው ይነግረው ነበር። እሷም እሱ ሲያማስል አጠገቡ ብትቆም እንዲሁ። ማንም የማንንም ሥራ ቆሞ አላየም።

ሦስተኛው ችግር ሁለት ነገር የተደባለቀበት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ዘይቱ ራሱ ነው። ጦስኝ የሚለው ስም አንድ ዓይነት ዘይት ማለት አይደለም። በዝርያ አንድ የሆነ ተክል እንኳ ኬሞታይፕ የሚባል ልዩነት አለው፤ አንዱ በታይሞል የበለጸገ ነው፣ አንዱ በካርቫክሮል፣ አንዱ ደግሞ በሊናሎል ወይም በጌራኒዮል። የታጨደበት ወቅትም ይለውጠዋል። ሁለት የተለያዩ ጠርሙሶች በጋዝ ክሮማቶግራፊ (የዘይቱን ንጥረ ነገሮች ለያይቶ በሚለካ ዘዴ) ሲታዩ የታይሞል ድርሻቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ግን አንድ ነው።

ሌላው የእርጅና ጉዳይ ነው። ታይሞል በጣም በትንሹም ቢሆን ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ በ1 ሊትር 1 ግራም ገደማ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን በቂ ነው። ከትናንሽ ጠብታዎች እየሟሟ ወጥቶ በውሃው በኩል ወደ ትልልቆቹ ይሄዳል፤ ትንሹ እየጠፋ ትልቁ እየፋፋ ይሄዳል። ኦስትዋልድ ራይፕኒንግ ይባላል። ስለዚህ በተሠራ ማግስት የተሞከረ ናሙናና ከሳምንታት በኋላ የተሞከረ ናሙና ጠርሙሱ አንድ ቢሆንም ይዘቱ አንድ አይደለም። መዝገቡ ላይ የተሠራበት ቀን አለ፣ የተሞከረበት ቀን አለ፣ በመሃል ያለውን ልዩነት ግን ያሰላ ሰው አልነበረም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

አሠራሩ ተለወጠ። ዕቃው ክዳን ያለው ሆነ፣ በበረዶ ውስጥ ይቀመጣል፣ የድምፅ ሞገዱ እያረፈ እያረፈ ነው የሚሠራው፣ የማማሰያው ጊዜም አጠረ። የጦስኙ ዘይት ውስጥ ትንሽ የምግብ ዘይት ተጨመረበት፤ ይህ ዘይት ውሃ ውስጥ ፈጽሞ ስለማይሟሟ ጠብታው እንዳይሟሽሽ ይይዘዋል፣ የጦስኙንም ዘይት ቶሎ እንዳይለቅ ያደርጋል። እያንዳንዱ ጠርሙስ ዘይት ከመከፈቱ በፊት በክሮማቶግራፊ ይታያል፣ የታይሞል ድርሻው ከተቀመጠው በታች ከሆነ ይመለሳል። የታሸገው መጠን ሁልጊዜ ቀጥታ ይለካል። ብርጭቆ ውስጥ የሚገባው መጠን የሚሰላው በዚህ በተለካው ነው።

የእጭ ሙከራው ደግሞ ከሥሩ ተቀየረ። ቀድሞ ሁለት ቡድን ብቻ ነበር፤ መድኃኒትና ንጹሕ ውሃ። አሁን አምስት ሆነ፦ ዘይት ያለበት ቅንጣት፣ በትዊን ብቻ የተበጠበጠ ዘይት፣ ዘይት የሌለበት ባዶ ቅንጣት፣ ትዊን 80 ብቻ፣ ንጹሕ ውሃ። ባዶውን ቅንጣት መሞከር ለምን አስፈለገ የሚል ካለ መልሱ እጩ የሚተነፍስበት መንገድ ላይ ነው። የኤደስና የኩሌክስ እጭ በጅራቱ በኩል ባለ ቱቦ ከውሃው ገጽ ላይ ተንጠልጥሎ ነው አየር የሚወስደው። ሰርፋክታንት ሲበዛ የውሃው ገጽ ይላላል፣ እጩ መንጠልጠል ያቅተውና ይሰምጣል። ሞቶ ታገኘዋለህ፣ ጦስኙ ገደለው ትላለህ፣ የገደለው ግን በየትኛውም ሳሙና ውስጥ ያለው ዓይነት ነገር ነው። በእርግጥም በከፍተኛዎቹ መጠኖች ላይ ባዶው ቅንጣትም እጭ ገደለ። እነዚያ መጠኖች ከስሌቱ ወጡ። ውጤቱ በወረቀት ላይ ቀነሰ፣ ግን እውነት ሆነ።

ከሁሉም በላይ ግን የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ቅንጣቱ የተሠራው ዘይቱን ቀስ እያለ እንዲለቅ ነው። ቀስ እያለ የሚለቅን ነገር በ24 ሰዓት ውስጥ ቶሎ ከሚለቅ ጋር ማወዳደር ምን ማለት ነው? እርግጥ ይሸነፋል! በዚህ መለኪያ ደካማ መሆኑ እንዲያውም ሥራውን እየሠራ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ቀስ ብለው ለሚሠሩ መድኃኒቶች የ48 ሰዓት ቆጠራ ይፈቅዳል፤ እዚያው ተጽፏል፣ የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው። ስለዚህ ሁለት ነገር ተጨመረ። አንዱ የ48 ሰዓት ቆጠራ ነው። ሌላውና ዋናው፣ ያው ውሃ ሳይቀየር አዲስ እጭ በየጊዜው እየተጨመረበት እስከ መቼ እንደሚገድል ማየት ነው።

ማነጻጸሪያዎቹም ሌላ ክፍል ገቡ። ኬሚስቱ በቆጠራ ቀን እዚያ ይገኛል፣ የነፍሳት ባለሙያዋ ቅንጣቱ ሲሠራ ትመጣለች። ይሄ ስምምነት ብቻውን ከአዲስ መሣሪያ በላይ ጠቅሟቸዋል ብዬ አምናለሁ።

የሠራው

ማነጻጸሪያዎቹ መሞት አቆሙ። የውጤቱ መዋዠቅ በጣም ቀነሰ። አዲስ እጭ እየጨመሩ የማየቱ ሙከራ ደግሞ የሚጠበቀውን ስዕል ግልጽ አድርጎ አሳየ፦ የተበጠበጠው ተራ ዘይት መጀመሪያ የገቡትን እጮች በፍጥነት ይጨርስና ቀጥሎ የሚገቡትን ምንም አያደርጋቸውም፤ የታሸገው መጀመሪያ ላይ ይዘገያል፣ ግን ቀጥለው የገቡትንም፣ ከዚያ ቀጥለው የገቡትንም እየገደለ ይሄዳል። ይህን ስዕል ቀድሞ ያላዩት በ24 ሰዓት ላይ ቆጥረው ውሃውን ስለሚደፉት ነው።

ሌላ ያልጠበቁት ነገርም ወጣ። ሳይሞቱ ከቀሩት እጮች ብዙዎቹ ፑፓ ወደሚባለው፣ በእጭና በክንፋሙ ትንኝ መሃል ወዳለው ደረጃ ዘግይተው ደረሱ፣ ከፑፓው መውጣት ያቃታቸውም ነበሩ። በሞት ቆጠራ ላይ እነዚህ በሕይወት አሉ ተብለው ነው የሚመዘገቡት።

ያልሠራው

ዱቄት ለማድረግ ሞክረው ነበር። ፈሳሽ ከባድ ነው፣ ለማጓጓዝም ለማስቀመጥም አይመችም። ስለዚህ ናሙናውን አቀዝቅዘው በቫኪዩም አደረቁት። ውሃው ሲወጣ ዘይቱም አብሮ ወጣ። ቫኪዩም ውሃን ብቻ መርጦ አያወጣም፣ የሚተን ነገር ሁሉ ይሄዳል። የተረፈው ጥሩ መልክ ያለው፣ ሽታው የጠፋ ዱቄት ነው። ቀጥታ መለካት ባይጀምሩ ኖሮ ይህን ዱቄት መድኃኒት ነው ብለው ይዘውት ይቀጥሉ ነበር። ለጊዜው በፈሳሽነቱ ይቀመጣል፣ ይዘቅጣል፣ ከመጠቀም በፊት መነቅነቅ አለበት።

ሁለተኛው ውድቀት የአኖፊለስ ነው፤ የወባ አስተላላፊዋ። በቤተ ሙከራ ውሃ ላይ ደህና ነበር። ከኩሬ በመጣ ውሃ ሲሞከር ግን ተበላሸ። ቺቶዛን ፖዘቲቭ ቻርጁን የሚይዘው አሲዳማ ውሃ ውስጥ ነው፤ የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከ6.5 ካለፈ ቻርጁን እያጣ ይሄዳል። የኩሬ ውሃ ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ ነው። በዚያ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው የሸክላ አፈር ብናኞችና ብስባሾች አሉበት። ቅንጣቱ ከእነሱ ጋር ይጣበቃል፣ ይጓጉላል፣ ይዘቅጣል። የአኖፊለስ እጭ ደግሞ መተንፈሻ ቱቦ የለውም፤ ከውሃው ገጽ ጋር ጎን ለጎን ተጋድሞ እዚያው ገጹ ላይ ያለውን ነው የሚመገበው። መድኃኒቱ ታች፣ እጩ ላይ። አይገናኙም።

የሚገርመው በዚያው ውሃ የኤደስ ውጤት ብዙም አልወረደም። የኤደስ እጭ የዕቃውን ግድግዳና ታች እየላሰ ነው የሚበላው። የዘቀጠውን ቅንጣት ራሱ ሄዶ ያነሳዋል። ስለዚህ አንዱን ትንኝ ያዳነው መዝቀጥ ለሌላው መርዝ ሆነ። "ለትንኝ እጭ ይሠራል" የሚል ዓረፍተ ነገር የማልወደው በዚህ ምክንያት ነው። ለየትኛው ትንኝ? በምን ዓይነት ውሃ?

ሦስተኛው ከሁሉም የሚያሳስበው ነው። ዳፍኒያ የሚባለው ጥቃቅን የውሃ ፍጥረት ላይ ተሞከረ፤ መርዝ ሲገመገም በተለምዶ የሚሞከርበት ነው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ መንቀሳቀስ ማቆሙ ይታያል። እጭ በሚገድለው መጠን አቅራቢያ ዳፍኒያውም መንቀሳቀስ አቆመ። ዳፍኒያ ውሃውን እያጣራ ጥቃቅን ነገር የሚመገብ ስለሆነ ቅንጣቱን አጥርቶ ይውጠዋል። "ከዕፅ የተሠራ ስለሆነ ጉዳት የለውም" የሚባለውን ነገር እዚህ ላይ ቢተዉት ጥሩ ነው። ታይሞል ከየትም ይምጣ ታይሞል ነው።

ሰውም አለ። ኤደስ ሰው ውሃ በሚያጠራቅምባቸው ዕቃዎች ውስጥ መራባት ትወዳለች። ጦስኝ ጦስኝ የሚል የመጠጥ ውሃ ማን ይቀበላል? ይህን ለማወቅ ሙከራ አላስፈለገም።

ለሌሎች የሚሆነው

ተመሳሳይ ነገር የሚሠራ ሰው ከዚህ ውስጥ መጀመሪያ ቢወስድ የምመክረው የዘይቱን ሂሳብ ነው። የገባው፣ ቅንጣቱ ውስጥ ያለው፣ ፈሳሹ ውስጥ ያለው፣ ዕቃው ላይ የተጣበቀው፣ አየር ላይ የሄደው። አየር ላይ የሄደውን በቀጥታ መለካት ከባድ ሊሆን ይችላል፣ ግን ሌሎቹ ከተለኩ የጎደለው ራሱ ይናገራል። በመቀነስ ብቻ የተገኘ የማሸግ ውጤት፣ በተለይ ለሚተን ነገር፣ ለእኔ ውጤት አይደለም። ይህ ለጦስኝ ብቻ አይሠራም፤ ለቅርንፉድም፣ ለጠጅ ሳርም፣ ለባሕር ዛፍም ዘይት ያው ነው።

ባዶው ቅንጣት ያልተሞከረበትን ጽሑፍ ሳይ ወዲያው ወደ ከፍተኛዎቹ መጠኖች እሄዳለሁ። ብዙ ጊዜ ትልቁ የሞት ቁጥር ያለው እዚያ ነው፣ ሰርፋክታንቱም የሚበዛው እዚያው ነው።

መለኪያው ከሥራው ዓላማ ጋር መሄድ አለበት። ቆይታን ለማሻሻል የተሠራ ነገር በቆይታ ይለካ። የ24 ሰዓት ቁጥር ለማወዳደር ይመቻል፣ ሁሉም ሰው አለው፣ ሰንጠረዥ ውስጥ በደንብ ይገባል፤ ግን የተጠየቀውን ጥያቄ አይመልስም።

ሌላው ቢቲአይ ነው። ባሲለስ ቱሪንጀንሲስ ኢስራኤለንሲስ ከሚባለው ባክቴሪያ የሚሠራው እጭ ገዳይ ለዓመታት ገበያ ላይ አለ፣ ከትንኝና ከጥቂት ዘመዶቿ ውጭ ሌላውን ፍጥረት እምብዛም አይነካም። ቡድኑ ቢቲአይን ለማወዳደሪያ ያስገባው ዘግይቶ ነው። ሲያስገባም ቅንጣቱ በብዙ ሁኔታ አላሸነፈውም። ይህ ሥራውን ከንቱ አያደርገውም፤ መድኃኒት ማፈራረቅ ለመላመድ ዋናው መከላከያ ስለሆነ ሁለተኛና ሦስተኛ አማራጭ ያስፈልጋል። ግን ከንጹሕ ውሃ ጋር ብቻ ተወዳድሮ አሸነፍኩ ማለት ቀላል ነው። ገበያ ላይ ካለው ጋር ይወዳደር። የዘይቱ ምርት ዝቅተኛ መሆኑንም አስቡ፤ ከጦስኝ የሚወጣው ዘይት ብዙ ጊዜ ከተክሉ ክብደት ከ2 በመቶ አይበልጥም። በሄክታር ለሚለካ ኩሬ ይህን ማፍሰስ የሚያስኬድ አይመስለኝም።

አሁን ያለበት ደረጃ

ዒላማቸውን አጥብበዋል። የመጠጥ ውሃ ወጥቷል። ዓሣና ዳፍኒያ ያለበት ኩሬም ወጥቷል። የቀረው ውሃ የሚያቁር አሮጌ ጎማ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሥር ያለ ሳህን፣ የተዘጋ የፍሳሽ ጉድጓድና የመሳሰለው ነው፤ ትናንሽ፣ ሌላ ፍጥረት የማይበዛባቸው፣ ኤደስ የምትወዳቸው ቦታዎች። ለአኖፊለስ ደግሞ ቅንጣቱን በሚንሳፈፍ ነገር ላይ አጣብቆ ገጹ ላይ ማቆየት ይቻል እንደሆነ አንዱ ተማሪ በቡሽ ፍርፋሪ እየሞከረ ነው። እስካሁን ቡሹ ዘይቱን ራሱ እየመጠጠ አስቸግሮታል።

ከቤት ውጭ በተቀመጡ ጎማዎች ላይ የተጀመረው ሙከራ ከቤተ ሙከራው ያጠረ ቆይታ ነው እያሳየ ያለው። ፀሐይ አለ፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ይጨምርና መጠኑ ይቀጥናል፣ ቅጠል ይወድቅበታል። የነፍሳት ባለሙያዋ እዚያ ሙከራ ላይ የሞተ እጭ መቁጠር ትታለች። ጎማዎቹን በመረብ ሸፍና በየጠዋቱ ከውስጥ የወጣውን ክንፍ ያለው ትንኝ ትቆጥራለች፣ ኬሚስቱ ደግሞ ከዚያው ጎማ ትንሽ ውሃና ደለል እየቀዳ የቀረውን ታይሞል ይለካል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ወረቀት ላይ ነው የሚጻፉት።